ዜሮ የተባለው ውሃ

ቶሮንቶን አይቼ ድሬዳዋ ስመለስ ዘመዶቼ የጠየቁኝ ስለ ብርዱ፣ ስለ ፎቁና እዚያ ስላሉ ሰዎቻችን ኑሮ ነው። ብርዱም ፎቁም እንደሚወራው ነው። እኔ ግን ከዚያ ከተማ ይዤ የመጣሁት ንዴት ነው፤ እስካሁንም አልወጣልኝም። ምን እንዳናደደኝ ለመናገር ከመነሻው መጀመር ይኖርብኛል።

ሥራዬ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የጀመርኩት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ካሉት የከተማው የውሃ ጉድጓዶች ላይ ነበር። ኋላ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የደሴት አገር የውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። እዚያ የቀሩ ወዳጆች ስላሉኝ የአገሪቱን ስም አልጠራም። ደሴቲቱ ወንዝ የላትም። ሰው የሚጠጣው ከጣሪያ በአሸንዳ ወደ በርሜል የሚወርደውን ዝናብና ከግቢው ጉድጓድ የሚቀዳውን ነው። የጉድጓዱ ውሃ መሬት ውስጥ የሰረገ ዝናብ ነው፤ ከሥሩ ባሕሩ አለ። ቅቤ ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ጨው የሌለበት ውሃ በጨዋማው ላይ በስሱ ተንሳፍፎ ይኖራል። ከልክ በላይ የሳቡት እንደሆነ ጨዋማው ከሥር ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

ስለዚህ ውሃውን መቁጠር ግድ ነው። ምን ያህል ዘነበ፣ ምን ያህሉ ተነነ፣ ምን ያህሉ ሰረገ፣ ማን ምን ያህል ቀዳ፤ በሙያችን ይህ የውሃ ሒሳብ ይባላል። የአገሪቱን የውሃ ሒሳብ እንዲሠራ ገንዘቡን በሚሰጡ የውጭ ረጂዎች የተመረጠው ቶሮንቶ ያለ አንድ አማካሪ ድርጅት ነበር። እኔ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ሁለት ክረምት በርሜሉንም ጉድጓዱንም እየለካሁ መረጃውን ላክሁላቸው። ሥራው አለቀ ሲባል የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ማዳም ሴሊን ቶሮንቶ ሄደው ሒሳቡን አይተው እንዲፈርሙ ተጠሩ፤ እኔም አብሬያቸው እንድሄድ አደረጉ። ፊርማው ቀላል ነገር አልነበረም። በደሴቲቱ ምሥራቅ ሊሠራ ለታሰበው ትልቅ ሪዞርት ጉድጓድ የማስቆፈር ፈቃድ የሚሰጠው በዚያ ሒሳብ መሠረት ነው።

እሑድ

ከደሴቲቱ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቶሮንቶ በረርን። ማዳም ሴሊን ስድሳን ያለፉ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። ብርድ የሚባል ነገር ስለማያውቁ በሻንጣቸው የያዙት አንዲት ሹራብ ብቻ ነበር፤ ወሩ ደግሞ ኅዳር ነው። ኤርፖርት ላይ ፓስፖርት የሚያየው ሹም ለምን እንደመጣን ጠየቀ።

"ለውሃ ሒሳብ" አሉ ማዳም ሴሊን።

"የውሃ ቢል ልትከፍሉ ነው ከዚያ ድረስ የመጣችሁት?"

ለማስረዳት ሞከርን። ማስረዳታችን ይበልጥ ሳያጠራጥረው አልቀረም፤ ወደ አንድ ክፍል ወስዶ አስቀመጠን። አብረውን የመጡት መንገደኞች ሁሉ ወጥተው እስኪያልቁ ድረስ የአንድ አገር የውሃ ኃላፊ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ምን ያህል ጊዜ እንደምንቆይ፣ እዚህ ዘመድ እንዳላቸው፣ ለመመለስ ሐሳብ እንዳላቸው ተጠየቁ። ሁሉንም በጨዋነት መለሱ። እኔ ነኝ ጥርሴን የነከስኩት።

ከኤርፖርቱ በባቡር ገባን። ዌስተን የሚባል ሠፈር ላይ ሲቆም ሻንጣ የያዝነው ብቻችንን ቀረን፤ የገቡት የቅዳሜና እሑድ ፈረቃ ሠራተኞች ይመስሉኛል፣ አብዛኞቹ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። ድርጅቱ ለማዳም ሴሊን መሐል ከተማ ሆቴል ይዞላቸዋል። ለእኔ አልያዘም፤ "ረዳት" ተብዬ ስለተመዘገብኩ ማረፊያ አይገባኝም ተብሏል። ሆቴሉ ደረስን፤ ክፍሉ የተያዘው ለሚቀጥለው ወር ኖሯል። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ሌላ ባዶ ክፍል እንደሌለ እየሣቀች ነገረችን። ድርጅቱ ጋ ብደውል እሑድ ነውና የሚያነሣ የለም።

እኔ የማርፈው እትዬ አስቴር ቤት ነበር። እትዬ አስቴር ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። በደርግ ጊዜ በጅቡቲ በኩል ተሰደው ቶሮንቶ ገቡ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ሠሩ፤ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ይኖራሉ። ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው።

"ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ አቦ? ይዘሻቸው ነይ እንጂ።"

ቤታቸው ሴንት ጄምስ ታውን ነው፤ ረጃጅም የኪራይ ፎቆች ተጠጋግተው የቆሙበት፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርበት ሠፈር። ከፎቁ ወደ ላይኛው በኩል ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት አላቸው። አልጋቸውን ለማዳም ሴሊን ለቀቁ፤ እኛ ሁለታችን ሳሎን ፍራሽ ዘረጋን። በሩ ላይ ማዳም ሴሊን ሲንቀጠቀጡ አይተው የሟች ባለቤታቸውን ካፖርት አውጥተው አለበሷቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ደረሰ። እንግድነቱ ይከብዳቸዋል ብዬ ስሰጋ እትዬ አስቴር በማዳም ሴሊን አገር ቋንቋ፣ በፈረንሳይኛ "ይቀመጡ" አሏቸው። አባታቸው ምድር ባቡር ይሠሩ ስለነበር ፈረንሳይኛውን የያዙት በልጅነታቸው ነው። ማዳም ሴሊን ከአገራቸው ከወጡ በኋላ መጀመሪያ የሣቁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሲያወሩ እኔን ረሱኝ።

ሰኞ

ድርጅቱ ያለው በመስታወት በተሠራ ፎቅ ውስጥ ነው። የቡድኑ መሪ ግራንት ይባላል፤ ረጅም፣ ፈገግታ የማይለየው፣ ይቅርታ መጠየቅ የማይከብደው ሰው። ስለ ሆቴሉ ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀና ሌላ ልያዝ አለ። ማዳም ሴሊን "ያለሁበት ይሻለኛል" አሉት።

ቀኑ በትውውቅ አለቀ። ደሴቲቱን ከሳተላይት በተነሣ ፎቶ አሳየን፤ ማዳም ሴሊንን ስለተወለዱባት ደሴት ቅርጽ አስረዳቸው። ከቡድኑ አንድም ሰው እዚያ ረግጦ እንደማያውቅ የተረዳሁት ምሳ ላይ ነው።

"ለመስክ ጉዞ አልተመቻቸልንም" አለኝ ግራንት ሳንድዊቹን እየገመጠ። እኛን ውቅያኖስ አሻግሮ ማምጣት ግን ተመችቷል።

ማታ እትዬ አስቴር ሽሮ ሠሩ፤ ጾም ገብቶ ነበር። ማዳም ሴሊን ዕቃውን እኔ ላጥባለሁ ብለው ተነሡ። ቧንቧውን ለቅቀው በማጠብ ፋንታ ትንሽ ውሃ በሳህን ቀድተው በዚያው አጠቡ፤ የተረፈውን ምን ላይ እንደሚደፉት ጠየቁ። እትዬ አስቴር "እኔም እንደመጣሁ ሰሞን እንዲሁ ነበርኩ" አሏቸው። እኔ ዓይኔ ማንቆርቆሪያው ላይ ነበር። ድሬ የእናቴ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ከውሃው በሚቀር ኖራ ነጭ ቅርፊት ጋግሮ፣ ሻይ ሲቀዳ ፍርፋሪው ብርጭቆ ውስጥ ይወርዳል። የእትዬ አስቴር ውስጡ ያበራል።

ማክሰኞ

ሒሳቡን ያየነው ማክሰኞ ነው። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ከላይ ዝናቡ፣ ከሥሩ የተነነው፣ ከሥሩ ወደ ባሕር የሄደው ተደርድሯል። ሆቴሎቹና የመንግሥት ቢሮዎቹ ቆጣሪ ስላላቸው የቀዱት እስከ ጠብታው ተጽፏል። ከዚያ በታች "የቤተሰብ ጉድጓድ" ይልና ዜሮ። "የጣሪያ ዝናብ" ይልና ዜሮ። ከሁሉም ሥር በአረንጓዴ ቀለም "ትርፍ ውሃ" የሚል ትልቅ ቁጥር።

"ይሄ ዜሮ ምንድን ነው?" አልኩ።

"ቆጣሪ የሌለው ፍጆታ ነው" አለ ግራንት።

"ቆጣሪ ስለሌለው ማንም አልጠጣውም?"

"እንደዚያ ማለታችን አይደለም። የተረጋገጠ መረጃ የለንም ማለታችን ነው።"

"የላክንላችሁስ?"

"በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን የተለካው በባልዲና በገመድ ነው፤ መለኪያውን የሚቆጣጠር ባለሙያም አልነበረም።"

"እኔ ነበርኩ።"

"ጥሩ ነጥብ" አለና ማስታወሻ ያዘ።

ድምፄ ከፍ አለ። የሰው መጠጫ ዜሮ ከተባለ የቀረው ሁሉ ትርፍ እንደሚባል፣ ትርፍ የተባለው ደግሞ ለሪዞርቱ እንደሚሰጥ፣ ሪዞርቱ ሲስብ የምሥራቁ መንደር ጉድጓድ ጨው እንደሚሆን ነገርኩት። ለዚህ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ድሬዳዋ ላይ አንድ ቦኖ የሚያስቀዳ ሰው "እነዚህ ሰልፈኞች ቆጣሪ ስለሌላቸው አልተጠሙም" ቢባል ምን ብሎ እንደሚመልስ አውቃለሁ። ግራንት ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ። ስጨርስ ሐሳቤን በግርጌ ማስታወሻ እንደሚያስገባው ቃል ገባልኝ። ሰው እየጮኸበት እንዲህ ተረጋግቶ የሚሰማ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንወጣ ማዳም ሴሊን ክንዴን ያዙኝ። "ስትጮኺ 'ስሜታዊ ናት' ብለው ያልፉሻል። ነገ እኔ ልናገር።"

ረቡዕ

ጠዋት ቧንቧውን ስከፍት አየር ነፋ። እትዬ አስቴር አልገረማቸውም። ከአልጋቸው ሥር በፕላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ውሃ ጎትተው አወጡ፤ በመደዳ ነው ያስቀመጡት። "ዘንድሮ መቋረጡ በዛ" አሉኝ። "አንዳንዴ ለግማሽ ቀን፣ አንዳንዴ ሳይናገሩ ያድራል።"

አሳንሰሩ ውስጥ ለአስቸኳይ ጥገና ውሃ መቋረጡን የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል። መቼ እንደሚመለስ አይልም፤ ስለ ትዕግሥታችን ግን ያመሰግናል። ሌላኛው አሳንሰር ተበላሽቶ ቆሟል። ከምድር በታች ካለው የመኪና ማቆሚያ አንድ ቧንቧ ይሠራል ተባለና ሰዉ በባልዲ፣ በድስት፣ በልጅ መታጠቢያ ሳይቀር ተሰልፏል። ከፊታችን ሕፃን ያዘለች ፊሊፒናዊት፣ ከኋላችን በትር የያዙ የታሚል ሽማግሌ። ድሬ፣ ለገሀሬ ሠፈር የውሃ ሰልፍ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ልዩነቱ እኛ ጋ ፈረቃው ይታወቃል፤ ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ ነው። እዚህ ግን ከበሩ በእግር የሚደረስበት፣ ማዶው የማይታይ ሐይቅ እያለ ሰው ድስት ይዞ ይሰለፋል።

ማዳም ሴሊን ካፖርቱን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"ኧረ እንግዳ ናቸው፣ ይተዉ በያቸው" አሉኝ እትዬ አስቴር።

አልሰሙም። መጀመሪያ ለእኛ፣ ከዚያ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ በመደገፊያ ለምትሄድ አሮጊት፣ ከዚያ ለታሚሉ ሽማግሌ ተሸከሙ። አሳንሰሩ ሲጨናነቅ የመጨረሻዎቹን ፎቆች በደረጃ ወጡ። ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ "ይሄን ሥራ አውቀዋለሁ" አሉኝ።

ስብሰባው ላይ አርፍደን፣ ሳንታጠብ ደረስን። ግራንት ደህና ስለመሆናችን ጠየቀ። ማዳም ሴሊን ከመቀመጣቸው በፊት ተናገሩ።

"ዛሬ ጠዋት ያረፍኩበት ፎቅ ላይ ውሃ የለም። ሰዉ ከመኪና ማቆሚያ እየቀዳ በእጁ ይሸከማል። የእያንዳንዱ ቤት ቆጣሪ ቢኖር ዛሬ ምን ያነብባል?"

"የት ነው ይሄ?" አለ ግራንት።

"ሴንት ጄምስ ታውን።"

"እዚህ አጠገባችን? ተሳስተው እንዳይሆን።"

እጃቸውን ዘርግተው አሳዩት። የባልዲው እጀታ መዳፋቸው ላይ ቀይ መሥመር ሠርቷል።

"ቆጣሪው ዜሮ ያነብባል" አሉ። "እኔ ግን ለአንዲት አሮጊት ቀድቼ ሰጥቻለሁ፤ እያየሁ ጠጥታለች። የእኔም አገር ሰው እንዲሁ ነው የሚጠጣው። የእናንተ ሒሳብ አልጠጣም ይላል።"

ከቡድኑ አንዲት ወጣት ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው ሰበረች። ግራንት ትንሽ አሰበና፣ በጣም እንዳዘነ ተናግሮ፣ ያ ግን የሕንጻ አስተዳደር ጉዳይ እንጂ የውሃ ሀብት ጉዳይ እንዳልሆነ አስረዳ።

"ለተጠማው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው?" አሉት።

ግራንት ማስታወሻ ያዘ። ያም ሆኖ ስክሪኑ ላይ አንዲት ቁጥር አልተነካችም።

ሐሙስ

የፊርማው ቀን ሐሙስ ነበር። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ፎቶ የሚያነሣም ሰው አምጥተዋል። ማዳም ሴሊን ሁለቱ ዜሮዎች ካልተስተካከሉ እንደማይፈርሙ ተናገሩ። ግራንት አልተከራከረም። ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ሲመለስ የማዳም ሴሊን ስልክ ጮኸ። የአገራቸው ሚኒስትር ነበሩ።

ቆመው አነሡ። ሲያዳምጡ ፊታቸው አልተለወጠም። "አዎ ክቡር ሚኒስትር" አሉ፤ "ገብቶኛል" አሉ። ቀጥለው የተናገሩትን በእንግሊዝኛ የተናገሩት እኛም እንድንሰማ ይመስለኛል።

"እዚህ ላይ ብፈርም ምሥራቁ መንደር ያለው የእናቴ ጉድጓድ የለም ብዬ ነው የምፈርመው። እናቴ ዛሬ ጠዋት ከዚያ ጉድጓድ ቀድታለች። እርስዎ መፈረም ከፈለጉ ይምጡና ይፈርሙ፤ እኔ አልችልም።"

ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ካፖርቱን ለበሱ። ግራንትን ስለ መስተንግዶው አመሰገኑት። እኔም ተከትያቸው ወጣሁ።

ቀኑ ገና ረፋድ ነው፤ የምንሄድበትም አልነበረንም። "ያን ሐይቅ አሳዪኝ" አሉኝ። በእግር ወረድን። ነፋሱ ፊት ይቆርጣል፤ ዳር ላይ ሰው የለም። ውሃው እስከ ሰማዩ ጥግ ይሄዳል፣ ማዕበልም አለው፤ ለዓይን ባሕር ነው። ማዳም ሴሊን ድንጋዩ ላይ ተጎንብሰው ጣታቸውን ነከሩና ቀመሱ። እንደገና ነከሩና እንደገና ቀመሱ።

"ጨው የለውም" አሉ።

"የለውም።"

"ይሄ ሁሉ?"

"ይሄ ሁሉ።"

ከስድሳ ዓመት በላይ ባሕር ዳር የኖሩ ሰው ናቸው፤ የባሕር ትርጉሙ ለእሳቸው የማይጠጣ ውሃ ነው። በንዴት ወደ እኔ ዞር አሉ። "ይሄን የሚያህል ውሃ ጥግ ተቀምጠው" አሉ፣ "የእኛን የማንኪያ ያህል ውሃ ትርፍ ነው ይላሉ።" ድንጋይ አንሥተው በሙሉ ጉልበታቸው ወረወሩ። አብሬ ወረወርኩ። ክንዳችን እስኪዝል ሁለት ትልልቅ ሴቶች ሐይቁን በድንጋይ ደበደብነው።

ዓርብ እና ቅዳሜ

ዓርብ ውሃው ተመለሰ፤ መጀመሪያ ቡናማ ሆኖ ነው የመጣው። የእትዬ አስቴር ልጅ ቤቲ መጣች። ነርስ ናት፤ የምትኖረው ኢስት ዮርክ ነው። ዳንፎርዝ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ በመኪናዋ ወሰደችን። መንገዱን ሁሉ ከእናቷ ጋር ተጨቃጨቁ።

"ማኔጅመንቱን ስንቴ ኮል አደረግኩ። 'ኮምፕሌይንትሽ ተመዝግቧል' ይሉኛል፣ ዛትስ ኢት። እማ፣ ከዚህ ቤት ሙቭ አድርጊ ስልሽ እምቢ ትያለሽ።"

"እኔ ስወጣ ያቺን አሮጊት ማን ያያታል?" አሉ እትዬ አስቴር።

"ኢትስ ኖት ዩር ጆብ፤ ያንቺ ሥራ አይደለም።"

እትዬ አስቴር ለማዳም ሴሊን ተረጎሙላቸው። በያይነቱ ከፊታቸው ሲቀርብ ማዳም ሴሊን ምስሩን ጠቅልለው መጀመሪያ ያጎረሱት ቤቲን ነው። ቤቲ ደነገጠች፤ ከዚያ ጎረሰች።

ቅዳሜ ኤርፖርት ድረስ ሸኙን። ማዳም ሴሊን ካፖርቱን አውልቀው ሲመልሱ እትዬ አስቴር አልቀበል አሉ። አገራቸው ለካፖርት እንደማይሆን እያወቁ ነው። ማዳም ሴሊን ተሸክመውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ

ማዳም ሴሊን አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ከኃላፊነታቸው ተነሡ። በምትካቸው የተሾመው ሰው ፈረመ። ዜሮዎቹ ባሉበት ጸኑ፤ የእኔ ክርክርም እንደተባለው በግርጌ ማስታወሻ፣ በደቃቅ ፊደል፣ "አንዳንድ ያልተረጋገጡ የአካባቢ ፍጆታዎች ሊኖሩ ይችላሉ" ተብሎ ገባ። ለሪዞርቱ ጉድጓዱ ተቆፈረ። የእኔ ውል አልታደሰም፤ ድሬ ተመልሼ ሳቢያን ያው የድሮ ሥራዬ ላይ ነኝ።

ዓመት ሳይሞላ ከግራንት ኢሜይል ደረሰኝ። አጻጻፉ ያው ትሕትና የተሞላበት ነው። በደሴቲቱ ምሥራቅ በጉድጓዶች ላይ የታየውን ጨዋማነት መንስኤ ለማወቅ አዲስ ጥናት ሊጀምሩ ስለሆነ፣ አካባቢውን የማውቅ እንደመሆኔ አብሬያቸው ብሠራ ደስ እንደሚላቸው ይገልጻል። ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ማዳም ሴሊን ጋ ደወልኩ።

"ሰምቻለሁ" አሉኝ። "እዚህም ተወርቷል።"

"እናትዎ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናት። ውሃ በጀልባ ነው የሚመጣልን። እሷ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ከጉድጓዱ ትቀዳለች። ትቀምሰዋለች፤ ትደፋዋለች። ነገ ይሻለው ይሆናል ትላለች።"

ለግራንት ምን ልመልስለት ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ባለሙያዋ አንቺ ነሽ" አሉኝ። "መንስኤውን ከጠየቀሽ ንገሪው።"

ለግራንት እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ "ጥናት አያስፈልግም። መንስኤው እናንተ ናችሁ።" ከሥሩ ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፤ ከስሜ ቀጥሎ ሙያዬን፣ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ብዬ።